የስፒከር ሽቦ በራቁቱ፣ በባናና ወይስ በሹካ? ማሰርና መፍታት ለሰለቸው

ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሳሎን ውስጥ አይቀመጡም፣ የኖረበት ያውቀዋል፣ ቬንትሌተሩ ራሱ ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው። እኛ ቤት ታዲያ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ምንጣፉም ትራሱም ሻዩም ወደ ግቢ ይወጣል፣ ሙዚቃውም አብሮ ይወጣል፣ አምፑ (የድምፅ ማጉያው) በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ይደረጋል፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ፣ ሌሊት ልንተኛ ስንል ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ በየቀኑ ሽቦ መፍታት፣ ሽቦ ማሰር። እኔ በራቁቱ ነበር የማስረው፣ ጫፉን ልጦ ጠምዘዝ አድርጎ መክተት፣ ሁላችንም ያደግንበት አሰራር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የክሩ ግማሽ ተበጣጥሶ አለቀ። አንድ ማታ ደግሞ ቤቱ በሰው ሞልቶ ስከፍተው ቀጭ አለና ጠፋ፣ ደግሜ ከፈትኩት፣ ቀጭ፣ ፕሮቴክት የምትለው መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። አንዱ «ተቃጠለ» ይላል፣ አንዱ «መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ነው የመታው» ይላል፣ ሁሉም ኢንጂነር ሆነ አቦ። ነቅዬ በስልኬ ባትሪ ከኋላ ሳየው ከፀጉር የማትወፍር አንዲት የመዳብ ክር ከቀዩ ማሰሪያ ወጥታ ጥቁሩ ላይ ጋደም ብላለች። በጥፍሬ አነሳኋትና መልሼ ሰካሁት፣ ሰራ።

አምፑ መከላከያ ስላለው ነው የተረፈው። መከላከያ የሌለው፣ በተለይ ርካሹና አሮጌው ቢሆን ኖሮ ያቺ አንድ ክር ትራንዚስተሩን ልታቃጥለው ትችል ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ሽቦ የሚታሰርበትን መንገድ ሁሉ ሞከርኩት፣ ሽቦው ጫፍ ላይ የሚደረጉትን ባናና፣ ሹካና ፒን የሚባሉ መሰኪያዎች፣ ስታኞም (ቀልጦ የሚበይደውን)፣ አንዳንዱን ሁለቴ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልበላችሁና የቸኮለ ይሂድ፣ ስፒከራችሁ ከቦታው የማይነሳ ከሆነ ራቁት ሽቦ በደንብ ከታሰረ ይበቃል፣ ለሌላ ነገር ብር አታውጡ። እንደኛ የምታወጡት የምታስገቡት ከሆነ አምፑ በኩል ባናና አድርጉ። የቀረው የሚወሰነው አምፑና ስፒከሩ ጀርባቸው ላይ ባለው ማሰሪያ ነው።

ድምፁ ይለወጣል ወይ?

አይለወጥም። ታይዋን ገበያ ስትገቡ «ይሄኛው የወርቅ ነው፣ ቤዙን ያወጣልሃል» የሚል አይጠፋም፣ ግን ንፁህ የሆነና ጠብቆ የተያዘ ማንኛውም ማሰሪያ የሚጨምረው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያግደው፣ በኦም የሚለካው) ከ0.01 ኦም በታች ነው፣ ጆሮ አይደለም ተራ ቴስተርም በደንብ አይለየውም። ድምፅ ላይ የሚጫወተው የሽቦው ውፍረትና ርዝመት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ኤሌክትሪሻን 1.5 የሚለው (ማለት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ 5 ሜትር ብትዘረጋው ሄዶ መመለሱ 10 ሜትር ነው፣ ወደ 0.11 ኦም ይመጣል፣ ለ8 ኦም ስፒከር ምንም ማለት አይደለም። አሁን ደግሞ ከሆም ቴአትር ጋር የሚመጣውን አይነት ቀጭን፣ 0.5 የሆነውን፣ 10 ሜትር ዘርጋው፣ ወደ 0.7 ኦም ይጠጋል፣ ከጉልበቱ 8 በመቶ አካባቢ ሽቦው ላይ ቀረ ማለት ነው፣ ቤዙም ልፍስፍስ ይላል። ባለሙያዎች የሚሉት የሽቦው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ 5 በመቶ አይለፍ ነው፣ ለ8 ኦም 0.4፣ ለ4 ኦም 0.2። እንግዲህ ለወርቁ ጫፍ የምታወጡትን ብር ለወፍራም ሽቦ አውጡት፣ ለሳሎን 1.5 ይበቃል፣ ከሳሎን እስከ ግቢው ጥግ የምትዘረጉ ከሆነ 2.5።

ሽቦ ስትገዙ ደግሞ ሁሉም መዳብ የሚመስል መዳብ አይደለም። እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ወፍራም ነው ብዬ ደስ ብሎኝ 20 ሜትር ገዛሁ፣ ክብደቱ ቀለል ማለቱ ያኔውኑ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፣ ቤት ሄጄ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ሳደርጋት ውስጧ ነጭ ሆና ቁጭ፣ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነበር። ይሄ አይነቱ ከእውነተኛው መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ አካባቢ ሬዚስታንስ አለው፣ 2.5 ብለህ የገዛኸው እንደ 1.5 ነው የሚሰራልህ። ድምፁ እሺ ይሁን፣ ለኔ ጭንቁ ሌላ ነው፣ ብሎን ስር ሲጠብቅ ይበጠሳል፣ ሁለት ሶስቴ ከታጠፈ በቃ። እንደዚህ አይነት ሽቦ ያለው ሰው በራቁቱ ባያስር ይሻለዋል። ደግሞ ላዩ ራሱ ነጭ የሆነ ሽቦ አለ፣ እሱ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ሊሆን ይችላል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ቀይ ከሆነ አትፍሩት።

ራቁት ሽቦ

ሰው ይንቀዋል እንጂ በደንብ ከተሰራ ከሁሉም አይተናነስም። በመዳቡና በአምፑ መሃል ሌላ እቃ የለም፣ የሚላላ የለም፣ የሚወልቅ የለም፣ ዋጋውም ዜሮ። ችግሩ ብዙ ሰው አያውቅበትም። ሶስት ሴንቲሜትር ይልጡና ግማሹ ውጪ ይንጠለጠላል፣ ሾርት የሚመጣው ከዛ ነው። የሚበቃው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ነው፣ ፕላስቲኩ እስከ ማሰሪያው አፍ መድረስ አለበት። ስትልጡ በጥርስ አይሆንም፣ ምላጭም ክር ይቆርጣል፣ መላጫ ፒንሳ ካለ እሱ፣ ከሌለ ምላጩን ዙሪያውን በስሱ አዙሩና ፕላስቲኩን በጣት ጎትታችሁ አውጡት። ከዛ ክሩን ወደ ቀኝ አጥብቆ መጠምዘዝ፣ ምክንያቱም ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ ወደ ግራ ከጠመዘዝከው ብሎኑ ራሱ ክሩን ይፈታብሃል። ማሰሪያው ጎኑ ላይ ቀዳዳ ካለው በዛ አስገቡ፣ በጣት አጥብቁ፣ በፒንሳ አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል ወይ ውስጥ ያለው ዘንግ አብሮ ይዞርና የውስጡ ሽቦ ይበጠሳል። መጨረሻ ላይ ሽቦውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ከመጣ አልታሰረም።

ሌላው የራቁት ሽቦ ጠላት ጊዜ ነው። መዳብ አየር ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ በላብ በተነካ እጅ ከተጠመዘዘ ደግሞ ቶሎ፣ በእኛ ሙቀት ያለ ላብ የሚሰራ ካለ ንገሩኝ። ብሎን ስር የተጨመቀው ክፍል አየር ስለማያገኘው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ላላ ያለው ነው የሚበላሸው። እኔ ስፒከር በኩል ያለውን በአመት አንዴ እፈታዋለሁ፣ የጠቆረውን ቆርጬ አዲስ እልጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ብላችሁ ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር ትርፍ ሽቦ ተውለት።

ስታኞ እንንከረው የሚል ሰው ይኖራል፣ እኔም ብዬ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፣ ስታኞ ልዋሳቸው ብሄድ፦

«ለምንድነው?»

«ጋሼ የስፒከር ሽቦ ጫፍ ልነክረው፣ ክሩ እንዳይበተን።»

«የት ነው የሚገባው፣ ብሎን ስር?»

«አዎ።»

«አይሆንም ልጄ። ስታኞ ለስላሳ ነው፣ ብሎን ሲጫነው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ዛሬ ጥብቅ ያለው ከወር በኋላ ላልቶ ታገኘዋለህ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ።»

ካላመንክ ሞክረው ብለው ሰጡኝ፣ ሞከርኩት፣ እንዳሉት ሆነ። ስታኞ ጥሩ የሚሆነው በሚበየድ ባናና ውስጥ ወይም ባለ ስፕሪንግ ማሰሪያ ውስጥ ነው። ለብሎን ግን ፓነል የሚሰሩ ኤሌክትሪሻኖች ሽቦ ጫፍ ላይ የሚያጠብቋት ትንሽዬ ቱቦ አለች፣ እሷን በመጨመቂያው ፒንሳ ካስጠበቃችሁት ክሩም አይበተንም ብሎኑም አይላላም። ሳንቲም ናት ዋጋዋ፣ ፒንሳው ነው ውድ፣ ጓደኛ ኤሌክትሪሻን ካለህ አለቀ።

ባናና

ይሄ 4 ሚሊሜትር የሆነ፣ መሃሉ ወፈር ብሎ በስፕሪንግ የሚይዝ ጫፍ ነው፣ ብሎን ያለው ማሰሪያ አብዛኛው ከኋላው ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የለኝም የምትሉ አንዴ በደንብ እዩት፣ ቀይና ጥቁር የፕላስቲክ ውታፍ ተደርጎበት ይሆናል፣ በመርፌ ወይም በቀጭን ካቻቢቴ ሲነሳ ቀዳዳው ይወጣል። ያ ውታፍ ለምን እንደተደረገ ግን እወቁ። አውሮፓ ውስጥ ያለው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው የግድግዳ ሶኬት ባናናን ያስገባል፣ እኛም ጋ ያለው ሶኬት ያው ነው። ያም ማለት አንድ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ የተነቀለ የስፒከር ሽቦ መሬት ላይ አግኝቶ ግድግዳው ላይ ቢሰካው 220 ቮልት ሽቦው ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ሌላው ጫፍ ነፃ ከሆነ በእጁ የያዘው ብረት ላይ። እኔ ይሄን ያወቅኩት የእህቴ ልጅ፣ አራት አመቱ ነው፣ ሁለቱን ባናና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሶኬቱ ሲያይ አግኝቼው ነው። አልሰካውም፣ እኔ ግን እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ከዛ ወዲህ የእኛ ቤት ህግ ሽቦ ከስፒከሩ አይለይም፣ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ይሄን ማድረግ ካልቻለ ባናና ባይገዛ ደስ ይለኛል።

ለእኔ አይነቱ ኑሮ ግን ከባናና የሚበልጥ የለም። ማታ አራት ጫፍ፣ ቀይ ቀይ ጥቁር ጥቁር፣ አስር ሰከንድ። የምትበተን ክር የለችም፣ ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ ይገባል። ስትነቅሉ ግን ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ አምፑን ከመብራት መንቀል፣ ቀጥሎ ሽቦውን ከአምፑ፣ ስፒከር በኩልም የምትነቅሉ ከሆነ እሱን መጨረሻ። ምክንያቱም አምፑ ክፍት ሆኖ ስፒከር በኩል ከነቀልከው ሁለቱ የባናና ጫፎች ምንጣፉ ላይ ተነካክተው ያው ያቺን የመዳብ ክር ስራ ይሰራሉ፣ ይሄኛው ደግሞ ከሷ የወፈረ ሾርት ነው።

ሲገዛ ብዙ አይነት አለ። ጎኑ ላይ በትንሽ ብሎን የሚያጠብቀው የተለመደው ነው፣ ጥሩ ነው ግን ብሎኑ ክሩን ይቆርጣል፣ እኔ ክሩን አጠፍ አድርጌ ወፈር ካደረግኩት በኋላ ነው የማስገባው፣ ወይም ከላይ ያልኳትን ቱቦ። አንዱ ደግሞ ሁለት ቦታ ተፈትቶ ክሩ እንደ ጃንጥላ ተበትኖ መሃል የሚጨመቅ ነው፣ ያለ ካቻቢቴ ይሰራል፣ ለወፍራም ሽቦ ተመራጭ። በስታኞ የሚበየደው አይላላም፣ እጃችሁ ከለመደ። ወርቅ ቅብ የሚሉትን በተመለከተ እውነተኛ ወርቅ አይዝግም፣ ትክክል ነው፣ ርካሹ ላይ ግን ቀለሙ ብቻ ነው ወርቅ፣ ሶስት ወር ሲሰካ ሲነቀል ውስጡ ይወጣል። እኔ የማየው ስፕሪንጉን ነው፣ ሱቁ ውስጥ አንዴ ሰክቼ ነቅዬ አየዋለሁ፣ ሲነቀል መታገል አለበት። ከላላ ደግሞ መሃሉ ላይ ያሉትን ቅጠሎች በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ከፈት ብታደርጓቸው ይመለሳል፣ ባለ ድፍን ቱቦው ግን አይመለስም፣ ጣሉት። አቧራውን ደግሞ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ፣ ድሬ ነው ያለነው፣ ነፋሱ ሲነሳ አሸዋው በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል።

ሹካው፣ ፒኑና ሌላው

ሹካ የምለው ጫፉ ሁለት ጣት ያለው፣ ብሎኑን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ስር የሚጠብቀው ነው። ከሁሉም የበለጠ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ከባድ ሽቦ ለሚጠቀም ሰው ደህና ነው፣ ሲጎተት አይወልቅም። ግን እኔ እሱን የምመክረው ሰው ብዙ የለም። ሁለቱ ማሰሪያዎች ተቀራርበው ከሆነ ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ስፋቱ ካልገጠመ አይገባም፣ ብሎኑ ከላላ ደግሞ ዞሮ ጎረቤቱን ይነካል። አንዴ አስሮ ለሚተወው ሰው ደግሞ ራቁቱ በነፃ ያንኑ ስራ ይሰራለታል።

ባለ ስፕሪንግ ማሰሪያ፣ ማለት ተጭናችሁ ከፍታችሁ ሽቦ ከታችሁ የምትለቁት፣ እዚህ ጋ ምርጫ የላችሁም፣ ባናናም ሹካም አይገባም። ሐረር ጀጎል ውስጥ አክስቴ ቤት ሆም ቴአትሩ እንደዚህ ነው፣ ስፒከሮቹ ነደባው (የሐረር ቤት መደቡ) ላይ አምረው ተደርድረዋል፣ ሄጄ ሳይ አንደኛው ዝም ብሏል። አክስቴ «ከኢድ ጀምሮ ነው፣ ልጆቹ ሞቷል አሉኝ» አለችኝ። አልሞተም፣ የሆነ ሰው ለማሳመር 2.5 ሽቦ ገዝቶ ቀዳዳው ስለጠበበው ግማሹን ክር ቆርጦ ነው የከተተው፣ የቀረውም ፕላስቲኩ ጭምር ገብቶ ስፕሪንጉ የነከሰው ፕላስቲክ ነበር። ቆርጬ እንደገና ላጥኩት፣ ጫፉ ላይ ፒን አደረግኩበት፣ ፒን ማለት ወፍራሙን ሽቦ ይዞ በቀጭን ዘንግ የሚያልቅ ነው፣ ለዚህ አይነቱ ቀዳዳ የተሰራ። ፒን ከሌለ ስታኞ የተነከረ ጫፍ ያንኑ ይሰራል፣ እዚህ ጋ ብሎን ስለሌለና ስፕሪንጉ ሁሌም ስለሚጫን ጋሼ ያሉት ችግር አይመጣም። ያለዚያ 1.0 ወይም 1.5 ሽቦ በራቁቱ ይበቃል።

ለሰርግ የሚያከራዩ ልጆች የሚጠቀሙበት ስፒኮን አለ፣ ሰክተህ አዙረህ የሚቆልፈው። ያ ለትልልቅ ስፒከር ነው፣ ሰው ቢረግጠውም አይወልቅም፣ በጣት የሚነካ ብረትም የለውም፣ እኔ የቤት አምፖች ላይ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር ግን ብዙም አይገኝም። ትልቁ ጃክ ማይክ የሚሰካበት አይነቱ ደግሞ ለስፒከር ጥሩ አይደለም፣ ሲገባና ሲወጣ ለቅፅበት ሾርት ሊያደርግ ይችላል፣ ካለባችሁም አምፑን አጥፍታችሁ ብቻ ንኩት። አንድ ስፒከር ላይ አራት ማሰሪያ አይታችሁ ሁለት ሽቦ የግድ ነው የሚላችሁ ካለ የግድ አይደለም፣ አብራ የመጣችው ድልድይ ቆርቆሮ እስካለች አንድ ሽቦ ይበቃል።

ምንም አይነት ጫፍ ብትመርጡ ሁለት ነገር ከተሳሳታችሁ ዋጋ የለውም። አንደኛው ስንት ስፒከር ነው የምታስሩት የሚለው ነው። ሁለት 8 ኦም ስፒከር አንድ ማሰሪያ ላይ ጎን ለጎን ብታስሩ 4 ኦም ይሆናል፣ ሁለት 4 ኦም ከሆነ 2 ኦም፣ አብዛኛው የቤት አምፕ 2 ኦም አይችልም፣ ይሞቃል። አንዳንዱ ባናና ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚሰካ ይሄን ስህተት በጣም ቀላል ያደርገዋል፣ ሰው ለበአል ሲሰበሰብ «ይቺንም ጨምርባት» ይልሃል፣ ትጨምራለህ። በ35 ዲግሪ ሙቀት አምፑ ሳይነካም ትኩስ ነው፣ አትጨምሩበት። የአምፑ ጀርባ ላይ የተፃፈውን ዝቅተኛ ኦም አንብቡት።

ሁለተኛው ቀይና ጥቁር ነው። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ አይቃጠልም፣ ግን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሃል መቆሙ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ስፒከሩ ላይ የቱ ቀይ የቱ ጥቁር እንደሆነ ከጠፋባችሁ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅፅበት ነካ አድርጉበት፣ ከአምፑ ነቅላችሁ ማለት ነው፣ የስፒከሩ ሾጣጣ (የሚርገበገበው) ወደ ውጪ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ቀዩ ነው። ሽቦው ሁለቱም ወገን አንድ አይነት ቀለም ከሆነ ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ መስመር ወይም ፅሁፍ አለ፣ እሱን ለቀዩ ካደረጋችሁ እስከ መጨረሻው ለቀዩ። ምንም ምልክት የሌለውን እኔ ሁለቱም ጫፍ ላይ ናስትሮ ነበር የምጠቀልልበት፣ ሙቀቱ ሙጫውን አቀለጠውና አንሸራተተው፣ አሁን የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ነው የምቀባው፣ እስካሁን አለ፣ እሷ ግን ጠርሙሱ ለምን ቶሎ እንደሚጎድል ልጁን ነው የምትጠረጥረው።